ሸራውን የሰፋሁበት ክረምት

ሰኔ 29 ቀን 1956

ዝናብ፣ ቀኑን ሙሉ። ከፋብሪካ የመጡ ቱታዎች ስጠግን ዋልኩ። ሁሉም ጉልበታቸው ላይ ነው የተቀደዱት... ምን ላይ ተንበርክከው ይሆን የሚውሉት? የከሰዓቱ ባቡር ዘግይቶ አቃቂ ገባ። ጡሩንባውን ስሰማ እጄ ከስፌት መኪናው ላይ ተነሳ። ባለቤቴ ገብረጻድቅ ባቡር ላይ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበር፤ ከሞተ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። እጄ ግን መርዶውን ገና አልሰማም። ባቡር በገባ ቁጥር ምሳ ሊያሞቅ ይነሳል።

ልጄ ተሰማ ቅዳሜ መጥቶ የነገረኝን ሳወጣ ሳወርድ ነው የዋልኩት። “እማዬ፣ መስከረም ሲጠባ እኔ ጋ ትገቢያለሽ። ቤቱን ለባለቤቱ እንመልሳለን፣ መኪናውን እንሸጠዋለን። በቃሽ፣ እረፊ።” ደግ ልጅ ነው፣ አንድ ለእናቱ። ከተማ ሥራ ይዞ፣ ቤት ተከራይቶ፣ እናቱን ላሳርፍ አለ። ምን አጠፋ? “እሺ” አልኩት።

ታዲያ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የነሳኝ ምንድን ነው?

ሐምሌ 2

አንድ የማላውቀው ሰው መጣ። የፉርጎ ሸራ በትከሻው ተሸክሞ፣ ውሃ እያንጠባጠበ። ሃምሳ ሳይሞላው አይቀርም። ደበላ እባላለሁ አለ። አባ ሳሙኤል ግድቡ ላይ ነው ሥራው፣ የውሃውን በር ከሚከፍቱና ከሚዘጉት ሰዎች ጋር።

“እትዬ፣ ይቺን ሦስት ማዕዘን አድርገው ይሰፉልኛል?”

“ለድንኳን ነው?”

“ለጀልባ።”

ሳቅኩ። “ምነው፣ ቀዛፊ ጠፋ?” አልኩት። አልተቀየመም። በወጣትነቱ ምጽዋ ወደብ ላይ ተሸካሚ ነበር። ሸራ መወጠር ያስተማሩት እዚያ ያሉ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። “እዚህ ሐይቃችን ላይ ያ ሁሉ ነፋስ ሥራ ፈቶ ነው የሚያልፈው” አለ። ጀልባዋን ራሱ ሠርቷታል። ሸራውን የባቡር ውዳቂ ከሚሸጥበት ነው ያገኘው።

መኪናዬ እንዲህ ያለውን አይበሳም። በጆንያ መርፌ፣ ሰም በተቀባ ክር፣ በእጅ ነው የሚሰፋው። እምቢ ማለት ነበረብኝ። “እዚያ ጥግ ያስቀምጡት” አልኩ።

ሐምሌ 5

እሁድ። ከጎረቤቴ ከአደሴ ጋር በጋሪ ሳሪስ አቦ ሄድን። ጭቃው ለጉድ ነው። አደሴ መንገዱን ሙሉ ስለዚያ ሰውዬ ስትጠይቀኝ... ማነው? ሸራው ለምንድን ነው? ደሞ ሚስቱ እንደሞተችበት፣ ልጅ እንደሌለው፣ እሷ ራሷ ከእኔ ቀድማ አጣርታ ኖሯል።

አቦዬ ደጅ ስለ ተሰማ ልጸልይ ቆምኩ። ለካ የማስበው የሸራውን ጠርዝ ነው... አንዴ ልጠፈው ወይስ ሁለቴ? አቦዬ ይቅር ይበሉኝ።

ሐምሌ 9

ጣቶቼ ሁሉ ቆስለዋል። ደስ ብሎኛል። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሐምሌ 17

ደበላ ሸራውን ሊወስድ መጣ፣ እህቱን ዳሲቱን አስከትሎ። ከሐይቁ ማዶ የምትኖር፣ ሳቂታ፣ ድምጿ የሚያስተጋባ ሴት ናት። በኮባ ቅጠል ጠቅልላ እንጉዳይ ይዛልኝ መጣች። “መብረቁ ሲጮህ አድሮ፣ ጠዋት ብወጣ ሜዳው በሙሉ ነጭ ሆኖ ቆየኝ!”

“የጅብ ጥላ እንዳይሆን ብቻ?”

“ከሞትሽ ትወቅሺኛለሽ።”

ደበላ ሸራውን ዘርግቶ ስፌቱን በጣቱ እየዳሰሰ ብዙ ቆየ። እኔ ደግሞ ልቤ እንደ ተማሪ ይመታል... ምን ጉድለት አገኘበት? በመጨረሻ ቀና አለና፣

“ይሄ ሲነፋ ማየት ይገባዎታል” አለኝ።

“እኔ ውሃ እፈራለሁ።”

“ወርቅውሃ ተብለው ውሃ ይፈራሉ?”

ዳሲቱ በሳቅ ፈነዳች። እኔም። እንደዚያ የሳቅኩት መቼ ነበር?

ሐምሌ 26

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ለግድቡ ሠራተኞች ዳቦ የሚያደርሰው ጋሪ አሳፈረኝ። ሰማዩ ከብዷል፣ ግን አልዘነበም።

ሸራው መጀመሪያ እንደ እርጥብ ጋቢ ተንጠልጥሎ ዝም አለ። ወይ ጉዴ አልኩ፣ አበላሽቼበታለሁ። ከዚያ ነፋሱ መጣ... ጧ! ብሎ ተወጠረ። ጀልባዋ ደበላን ይዛ ዘንበል አለችና ሄደች። ያለ ቀዛፊ፣ ያለ ድምፅ። ከዳር ቆሜ ስፌቴን በዓይኔ ተከተልኩት፤ አንድም ቦታ አልተተረተረም። እንደ ልጅ አጨበጨብኩ።

ዕድሜዬን ሙሉ የሰፋሁት ሰው ለሥራ የሚለብሰውን ወይ ለልቅሶ የሚቀመጥበትን ነው። እኔ የሰፋሁት ነገር ሲበር አይቼ አላውቅም ነበር።

“እኔንም ውሰዱኝ” አልኩ።

“ዋና የማይችል ሰው አይጭንም፣ ወንድሜ ግትር ነው” አለች አጠገቤ የቆመችው ዳሲቱ።

“አስተምሪኛ።”

በአፌ የተናገረው ማን ነው?

ሐምሌ 30

ውሃው እንዴት ይቀዘቅዛል! ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነው የገባሁት። ቄጠማው መሐል ከሰው ዓይን የተከለለ ቦታ አለ፣ ሴቶች የሚታጠቡበት። ከአቡጀዲ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቀሚስ ሰፍቼ ነው የሄድኩት። ዳሲቱ ወገቤን በእጇ ደግፋ ትጮህብኛለች፦ “አትታገዪው! ውሃ ጠላትሽ አይደለም። ተኚበት!”

ጠጣሁ፣ አሳለኝ፣ አለቀስኩ፣ ተሳደብኩ። ስንጨርስ በደረቷ አቅፋ አሞቀችኝ። ነገ አልመለስም ብዬ ነበር የወጣሁት... ጋሪው ላይ ስወጣ ግን “ከነገ ወዲያ” አልኳት።

ነሐሴ 2

ትናንት ፍልሰታ ገባ። ተሰማ ከሰዓት በባቡር መጣ። ቀሚሴ ገመድ ላይ ተሰጥቷል።

“እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

“የሌሊት ልብስ።”

ዋሸሁት። አርባ አምስት ዓመት የሞላኝ ሴት፣ የወለድኩትን ልጅ! እሱ ደግሞ አልጋ ገዝቶልኝ ኖሯል። መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ የሚገባበት ጋ እንዳስቀመጠው እያሳየኝ በእጁ አየር ላይ ሣለው። እንዴት ደስ እንዳለው... እንዴት ብዬ ነው የምነግረው? ምኑንስ ነው የምነግረው? ገና ምንም የለ።

ምንም የለም ወይ?

ነሐሴ 7

ዛሬ ዳሲቱ እጇን ለቀቀችኝ፤ እኔ ሳላውቅ። በጀርባዬ ተንሳፍፌ፣ ጆሮዬ ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ የሚሰማኝ የራሴ ትንፋሽ ብቻ። ከዚያ ተገልብጬ እስከ ቄጠማው ጫፍ ዋኘሁ። ውሻ ነው የምመስለው፣ ዳሲቱ እንዳለችው። ውሻም ይዋኛል!

ነሐሴ 8

ዳሲቱ ቤት፣ ማዶ። ገና ሳይመሽ ልጻፍ።

ማዶ ያሉት ሰዎች መንገዱ በጭቃ ተቆርጦባቸው ጨውና ላምባ ጨርሰዋል። ደበላ ፈቃድ ወስዶ በጀልባዋ ሊያደርስላቸው ሲነሳ፣ ዳሲቱና እኔም ሐይቁን አብረነው ልንዞር ወጣን። ጠዋት ሰማዩ ታጥቦ ነበር። ነፋሱ ከኋላችን። ዳሩ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ወፎቹ ከቄጠማው እየተነሱ ከፊታችን ይበራሉ። የመጀመሪያውን ማዕበል ስንወጣ የጀልባዋን ጠርዝ ጨመደድኩ። በኋላ ረሳሁት። እጄን ውሃው ውስጥ አድርጌ እሄድ ነበር።

ባየነው ቦታ ሁሉ እየቆምን ለቀማ ወረድን። ዳሲቱ ምድሩን እንደ ጓዳዋ ታውቀዋለች። ከአንድ የፈረሰ ግንብ ሥር ለጋ ሳማ፣ እጇን በቅጠል ጠቅልላ። ከብት ከሚግጥበት ሜዳ እንጉዳይ። ከጅረቱ ዳር እንጆሪ፣ ገና ግማሹ ቀይ። እኔ አንድ ትልቅ እንጉዳይ አገኘሁ ብዬ እየሮጥኩ ባመጣ “የጅብ ጥላ!” ብላ ከእጄ ወረወረችው። ሳማው ከባቄላ ጋር ተቀቅሎ፣ እንጉዳዩ በዘይት ተጠብሶ... የጾም ምግብ እንዲህ ይጣፍጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ዳሲቱ ማገዶ ልትለቅም ስትሄድ ደበላና እኔ ጀልባዋ አጠገብ ቀረን። እሱ ገመድ እየጠቀለለ ነበር።

“ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ቆንጆ ነገር ባይ ‘እዪው’ የምለው ሰው አልነበረኝም” አለ። ወደ እኔ አላየም። “ሽማግሌ ብልክብዎት...” አለና ቆመ። ገመዱን እንደገና ፈታው። “ብልክብሽ ምን ትያለሽ?”

ከእርስዎ ወደ አንቺ በአንድ ትንፋሽ ተሻገረ።

“ማን ጋ ትልካለህ? አባት የለኝ፣ ወንድም የለኝ። ያለኝ ልጄ ነው።”

“ታዲያ ልጅሽ ጋ።”

ወደ ውሃው ዞርኩ። እሱም አልጨቀጨቀኝም። ገመዱን ጠቅልሎ ጨረሰ።

ነሐሴ 11

አሁንም ማዶ ነኝ። ትናንት አልጻፍኩም። ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ተሰማ ቅዳሜ ቤቴ ሲመጣ ተዘግቷል። አደሴ ነገረችው... እንዴት አድርጋ እንደነገረችው እግዜር ይወቅ። ትናንት እሁድ፣ ደበላና እኔ የቀረውን ጨው ልንጭን ወደ አቃቂ በኩል ስንሻገር፣ ዳር ላይ አንድ ሰው ቆሟል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ጫማው በእጁ። ልጄ!

“እማዬ፣ ውጪ። ቤት እንሂድ።”

“ዕቃዬ ማዶ ነው” አልኩት። ሌላ የምለው ጠፋኝ።

“አብረውን ይሻገሩ፣ ዕቃዋን ይዘው ሳይመሽ እመልስዎታለሁ” አለው ደበላ፣ አንቱ ብሎ፤ ልጁ የሚሆነውን። ተሰማ አላመሰገነም። ወጣና ተቀመጠ።

መሐል ደረስን። ከዚያ ጀመረ። “ሰው ምን ይላል? አባቴ ዐፅሙ ምን ይላል? አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ዕድሜሽ...” አንቺ ሴትዮ አለኝ! ደመናው ከየረር ተራራ በኩል ጠቁሮ እየመጣ ነው። ደበላ “ይቀመጡ፣ ነፋስ መጣ” አለው። ተሰማ ግን “አንተ አታዘኝም!” ብሎ ብድግ አለ።

ነፋሱ ያኔ መታን።

ውሃ ውስጥ ነበርኩ። ምን እንደሆነ አላየሁም። ብቅ ስል ጀልባዋ በጎኗ ተኝታለች፣ ሸራው ውሃው ላይ ተነጥፏል፣ ደበላ የለም። ተሰማ ከእኔ ወዲያ ውሃውን ይደበድባል። ይወጣል፣ ይሰጥማል። ጩኸቱ... የሕፃን ጩኸት ነው፤ አውቀዋለሁ።

ዋኘሁ። ውሻ ልምሰል፣ ምንም ልምሰል። ከኋላው አንገትጌውን ያዝኩ። ዞሮ ሊያንቀኝ መጣ። አብረን ሰጠምን። ብቅ ስንል በጆሮው ጮህኩበት፦

“አትታገል! ተኛበት! እናትህ ነኝ፣ ይዤሃለሁ፣ ተኛበት!”

ተኛ። ከሕፃንነቱ ወዲህ ያለ ክርክር ሲታዘዘኝ የመጀመሪያው ነው። ራሱ ደረቴ ላይ ሆኖ፣ በአንድ እጄና በእግሬ እየገፋሁ... ቄጠማው ሩቅ አልነበረም። ለእኔ ግን ሌላ አገር ነበር። እግሬ ጭቃ ሲነካ ጎትቼ አወጣሁት።

ከዚያ ዞሬ አየሁ። ጀልባዋ አለች። ሰው የለም።

“ደበላ!” ብዬ ጮህኩ። አቶ የለ፣ እርስዎ የለ። “ደበላ! ደበላዬ!”

ከሸራው ሥር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ገመድ እግሩን ጠልፎት ኖሮ፣ ከሸራው ሥር በቀረው አየር እየተነፈሰ በጩቤ ቆርጦ ነው የወጣው። የጀልባዋን ሆድ አቅፎ እጁን አነሳልን። ያኔ ነው ያለቀስኩት። ተሰማ እያሳለው አየኝ። ብዙ አየኝ።

ዝናቡ መጣ። ሾላ ዛፍ ሥር ተጠልለን ተቀመጥን፣ ልጄና እኔ። ክብሪቱ ርሷል፣ እሳት የለ። የሾላ ፍሬ መሬቱን ሞልቶታል። ደህና ደህናውን ለቅሜ ትል የሌለበትን እየከፈልኩ ሰጠሁት። በላ። በጣም ነበር የራበው።

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ምን እንደምፈልግ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?”

“የአባቴ ቦታ...”

“የአባትህን ቦታ ማንም አይነካውም። እኔስ ቦታ የለኝም እንዴ፣ ተሰማ? ገብረጻድቅ ሲሞት አብሬው የተቀበርኩ መሰለህ?”

ይህን ስል ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። እሱ የሾላውን ፍሬ በጣቱ ሲያሽከረክር ቆየ። ደበላ ጀልባዋን እየጎተተ፣ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ሆኖ ሲመጣ አየነው። ምሰሶዋ ተሰብሯል። ብቻውን ነው። ተሰማ ተነሳ። ጫማ የለው፣ ኮት የለው፣ ውሃው ጫፍ ሲደርስ ቆም አለ። ፈራ። ግን ገባ። እስከ ጉልበቱ። ገመዱን ተቀበለው።

አብረው ጎተቱ።

ዳሲቱ ቤት አደርን፤ የሽማግሌውን ነገር ለተሰማ ነገርኩት። ዛሬ ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ ደበላ በመቅዘፊያ አሻግሮት መጣ። ተሰማ ሲሄድ ሳመኝ፤ “ነይ” አላለኝም። “ደህና ሁኚ”ም አላለኝም።

ነሐሴ 16

ጾሙ ተፈታ። ቤቴ ነኝ። ቅዳሜ ነው፤ ባቡሩ ገባ፤ ተሰማ አልመጣም። አደሴ ትንሽ ሥጋ ይዛ መጣች፤ ይቅርታ መሆኑ ነው። “እኔኮ ሰግቼ ነው” ትላለች። አልተቀየምኳትም። አብረን በላን።

ነሐሴ 23

ዛሬም አልመጣም። ልጄን አጣሁት ይሆን? ውሃ ውስጥ ያዝኩት፣ ዳር ላይ ለቀቀኝ?

ሐይቅ ወረድኩ። ደበላ ለምሰሶ የሚሆን ባሕር ዛፍ ይልጣል። “ልጄ እምቢ ካለ እኔም እምቢ ነው የምልህ” አልኩት። መላጡን አልተወም።

“አውቃለሁ። እናት ነሽ። ግን ጥድፊያ የለኝም፤ ይህ እንጨት እንኳ ሳይደርቅ አይቆምም።”

ዋኝቼ ተመለስኩ። ውሃው ውስጥ ትንሽ ቀለለኝ።

ጳጉሜ 3

ሩፋኤል። ዝናቡ ጠበል ነው ብለው የሰፈሩ ልጆች ራቁታቸውን ሲጨፍሩበት ዋሉ። ማክሰኞ ነው፤ ማንንም አልጠበቅኩም። በሩ ተንኳኳ። ተሰማ! ከሥራ አስፈቅዶ፣ ከእግር እስከ ራሱ ርሶ።

ምግብ አቀረብኩለት፣ በላ። ስፌቴን ቀጠልኩ፤ አየኝ። ከዚያ፣

“እዚያ ውሃ ውስጥ ስሜን አልጠራሽም” አለኝ። “‘እናትህ ነኝ’ ነው ያልሽው። ሌሊት ሌሊት ይሰማኛል።”

“ምን ልበልህ?”

“ምንም። አልጋውን ለጎረቤቴ ሰጠሁት።” ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። “ዋናም ልማር ነው። ማን እንደሚያስተምረኝ ግን አላውቅም።”

“ዳሲቱ ትጮህብሃለች።”

“አንቺም ትጮሂያለሽ።”

ሳቅን። ሲሄድ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ፣ ወደ ልጆቹ እያየ፣ “ሰውየው... አቶ ደበላ... ሽማግሌ ሊልኩ ይችላሉ” አለኝ። አንቱ አለው! መልሴን ሳይጠብቅ ወደ ጣቢያው ሮጠ።

መስከረም 10 ቀን 1957

ሽማግሌዎቹ ከቅዳሴ መልስ መጡ። እኔ ጓዳ ገብቼ፣ መጋረጃው ሥር፣ እንደ ኮረዳ። አደሴ አጠገቤ ትንፋሿን ይዛ። ተሰማ የአባቱን ኮት ለብሷል፤ ትናንት ነው ትከሻውን ያጠበብኩለት።

ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። እንደ ወጉ “ልጃችሁን ለልጃችን...” አሉና ቀና ብለው ተሰማን ሲያዩ ጠፋባቸው። “ማለቴ... እናትዎን... ለልጃችን...” ሌሎቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ተሰማ ግን አልሳቀም። እንደ ትልቅ ሰው ቀጥ ብሎ ጠየቃቸው፤ ሥራውን፣ ጤናውን፣ ጠባዩን። “ይጠጣል?” ሲል አደሴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። የት እንደምንኖርም ጠየቀ። “እሷ በምትኖርበት፤ እሱ ወደ ግድቡ እየተመላለሰ ይሠራል” አሉ።

ወጉ “ዘመድ ላማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ” ነው። እኔም ያንን ነበር የምጠብቀው። ተሰማ ግን ብድግ አለ።

“ባለጉዳይዋን ልጠይቅ” አላቸው።

መጋረጃውን ገልጦ ገባ። አደሴን በዓይኑ አስወጣት። እግሬ አጠገብ ቁጢጥ አለ፤ ትንሽ ሳለ ያደርግ እንደነበረው።

“እማዬ፣ ምን ልበላቸው? ያልሽውን ነው የምላቸው።”

ገብረጻድቅን ያገባሁ ጊዜ ማንም አልጠየቀኝም ነበር። አባቴና አባቱ ተነጋገሩ፣ እኔን አጥበው አለበሱኝ። ደግ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ዕድሌ ነው። ከዚያም ወዲህ ኑሪ፣ ተቀመጪ፣ ተነሺ፣ ግቢ... ምን ልበላቸው ያለኝ ሰው አልነበረም።

ውጪ ሽማግሌዎቹ ሲያስሉ ይሰማል። ተሰማ ፊቴን እያየ ጠበቀ፤ አላጣደፈኝም።

መልሱ ጠፍቶኝ አልነበረም። መጠየቁ ጣፍጦኝ ነው።

“እሺ በላቸው” አልኩት።